የምርምር መረጃ ቋት ከመማሪያ ክፍል ሲደርስ፦ ከቃሉ ማሽላ እስከ ሐይቅ ብራና

በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ በቃሉ ወረዳ ማሽላ የሚያመርት አርሶ አደር አቀንጭራን ጠንቅቆ ያውቃል። ሐምራዊ አበባው ለዐይን ያምራል፤ ሥሩ ግን ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። የዚህ አርሶ አደር ልጅ በከተማዋ ከሚገኙ ትምህርት ቤቶች በአንዱ 10ኛ ክፍል ይማራል እንበል። የሥነ ሕይወት መምህሩ በአካባቢው ሰብልን የሚጎዳ አንድ ጥገኛ ዕፅ መርጦ ባሕርይውንና መከላከያውን ጽፎ እንዲያመጣ አዘውታል። ልጁ ስልኩን አውጥቶ በቴሌግራም ይጠይቃል። ሦስት መልስ ያገኛል፦ አንዱ የፀረ አረም ኬሚካል ሻጭ ማስታወቂያ ነው፤ ሁለተኛውን ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ ሦስተኛው ከሌላ ተማሪ ደብተር የተገለበጠ ነው። ልጁም ገልብጦ ያስረክባል፤ መምህሩ አርመው ይመልሳሉ። ማሳው ውስጥ ያለው አቀንጭራ ግን ባለበት ይቀጥላል።

ስለዚህ አረም ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት አጥንተዋል፤ ጽፈዋል። ከጽሑፎቹ ብዙዎቹ ያለ ክፍያ የሚነበቡ ናቸው። የተቀመጡበትን ቦታና የመክፈቻውን ዘዴ የሚያውቀው ግን በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ እምብዛም አልደረሱም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሀብት ምን እንደሆነ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ያለ መምህር፣ ተማሪና ወላጅ እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚችል ማስረዳት ነው።

«የመረጃ ቋት» የሚለው ስያሜ ለጆሮ ዘመናዊ ይምሰል እንጂ ቃሉ ከወፍጮ የመጣ ነው። ቋት የተፈጨው ዱቄት የሚጠራቀምበት ነው፤ እህሉ ተለቅሞና ተበጥሮ፣ ከድንጋዩ አልፎ የሚያርፍበት ቦታ። የምርምር መረጃ ቋትም በኮምፒውተር ላይ የተደራጀ የጥናቶች ማከማቻ ነው። ወደ ቋቱ የሚገቡት በአብዛኛው በምርምር መጽሔቶች የታተሙ ጽሑፎች፣ የዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶች፣ መጻሕፍትና ጥንታዊ ሰነዶች ናቸው። እያንዳንዱ ጽሑፍ የጸሐፊው ስም፣ የታተመበት ዓመት፣ ጥናቱ የተካሄደበት ቦታና አጽሕሮተ ጥናት፣ ማለትም አጭር ፍሬ ሐሳብ፣ አለው። ከተራ የኢንተርኔት ፍለጋ የሚለየውም በዚህ ነው። በተራ ፍለጋ ማስታወቂያውም፣ አሉባልታውም፣ ዕውቀቱም አንድ ላይ ተደባልቆ ይመጣል። በቋቱ ውስጥ ግን ጽሑፉን ማን፣ መቼና የት እንደጻፈው ይታወቃል፤ የመጽሔት ጽሑፍ ከሆነም ከመታተሙ በፊት ሌሎች ባለሙያዎች መርምረውታል ተብሎ ይጠበቃል።

ይጠበቃል ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከጸሐፊው ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ግምገማ የሚያትሙ መጽሔቶች በዓለም ላይ በዝተዋል። ከወፍጮ ቋትም ቢሆን ነቀዝ የበላው እህል ዱቄት ሊገኝ ይችላል።

ወደ አቀንጭራው እንመለስ። ልጁ ከመምህሩ ጋር ሆኖ የምርምር ቋት ቢከፍት መጀመሪያ የሚገጥመው የቋንቋ ግድግዳ ነው። «አቀንጭራ» ብሎ በአማርኛ ቢፈልግ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ የሀገራችን የግብርና ጥናቶች የሚጻፉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በመሆኑ የአረሙን ዓለም አቀፍ ስም «ስትራይጋ»ን ማወቅ ይኖርበታል። ይህን ቃል ብቻውን ሲጽፍ ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ እስያ የተጻፈው ሁሉ ይጎርፍበታል። «ሶርገም» የሚለውን የማሽላ ስምና «ኢትዮጵያ»ን ሲጨምርበት ይጠብባል። «ወሎ» ሲል ይበልጥ ይጠብባል።

እዚህ ላይ የአካባቢያችንን ሰው በተለይ የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። «ወሎ» በላቲን ፊደል የሚጻፍበት መንገድ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ የሚመጣው አናባቢ በአንዱ ጽሑፍ «ኦ»፣ በሌላው «ኢ»፣ በሦስተኛው «ኤ» ተብሎ የሚጠራው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 የታተመው መጽሐፍ በርዕሱ የሚጠቀመው የመጨረሻውን ነው። በተለመደው አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ተማሪ ይህን ትልቅ ሥራ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። «ደሴ»ም እንዲሁ ከአንድ በላይ አጻጻፍ አላት። የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ወጥመድ ነው፤ አያቶቻችን የ1965ቱና የ1966ቱ ድርቅ የሚሉትን በቋቱ ውስጥ ለማግኘት 1973ንና 1974ን መጻፍ ያስፈልጋል።

ፍለጋው ሲሰምር ተማሪው ምን ያገኛል? የአቀንጭራ አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እንደ ብናኝ የደቀቁ ዘሮችን እንደሚያፈራ፣ ዘሮቹም አፈር ውስጥ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞቱ ሊቆዩ እንደሚችሉ ያነብባል። ዘሩ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው መሆኑንም ይረዳል። አባቱ «አንድ ዓመት አርሜው በሁለተኛው ዓመት ከየት መጣ?» እያሉ የሚገረሙበት እንቆቅልሽ መፍቻ ይኸው ነው። አበባው ወደ ዘር ከተለወጠ በኋላ መንቀል ለምን ጥቅሙ አነስተኛ እንደሆነ፣ ማሽላን ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅና የአፈርን ለምነት ማሻሻል ለምን እንደሚመከር ከዚሁ ይከተላል።

የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ስምም ይገጥመዋል። በኦሮሚያ ገጠር ተወልደው በጅማ የግብርና ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ ተምረው፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማበልጸግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙ ሳይንቲስት ናቸው። በሥራቸው ከተገኙት መካከል ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች በ1992 ዓ.ም አካባቢ በሀገራችን ተለቅቀዋል። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በማሽላ ላይ ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። ተማሪው በአውቶቡስ መስኮት የሚያየው ግቢ በዓለም ላይ በሚነበብ ጽሑፍ ውስጥ ተጠቅሶ ሲያገኘው ሳይንስ የሩቅ ሀገር ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ከክፍል ውጤቱ ይልቅ ይህ የሚበልጥ ይመስለናል።

የመምህሩ ድርሻ የሚጀምረው ጽሑፉ ከተገኘ በኋላ ነው። ጥናቱ የት ተካሄደ? ስንት ማሳ ላይ? በየትኛው ዓመት? ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀው ደሴ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ነች። ለአንዷ የተባለ ዝርያ ለሌላዋ አይሆንም። ተማሪው ይህን እንዲጠይቅ ማድረግ ጽሑፉን ከማስነበብ ይበልጣል። ወላጆችም ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ፦ ልጅ ያነበበው አንድ ጥናት ዘር ለመቀየር አያበቃም። ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቀርቦ «ይህ ለእኛ አፈርና ዝናብ ይሆናል ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅበት መነሻ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከታሪክ ትምህርት ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን በሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አበ ምኔት የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያበረከቱት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1280/81 የተጻፈ ባለ ብራና አራቱ ወንጌል አለ። በዚህ ብራና ውስጥ ከወንጌሉ ባሻገር የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ይገኝበታል። ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ የሚሉትን ሥራ የሐይቅ መነኮሳት ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት ይሠሩት ነበር ማለት ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ሲጀመር ይህ ወንጌል ፎቶ ተነሥቶ ቁጥር 1832 ተሰጠው። የማይክሮፊልሞቹ ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ነፍስ ኄር ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የእነዚህን መጻሕፍት ይዘት በተከታታይ የካታሎግ ጥራዞች ለዓለም አስተዋወቁ። ከስብስቡ ብዙው ዛሬ ወደ ዲጂታል ተለውጦ በቤተ መጻሕፍቱ የኢንተርኔት የንባብ ክፍል በነጻ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል።

እንግዲህ አንድ የደሴ የታሪክ መምህር የመካከለኛውን ዘመን ሲያስተምሩ ከመማሪያ መጽሐፉ አንቀጽ ጎን የብራናውን ገጽ ምስል ማቅረብ ይችላሉ። ግእዝ የሚያውቅ አንድ የቤተ ክህነት ተማሪ ከክፍሉ ቢገኝ ደግሞ ለጓደኞቹ አስተማሪ ይሆናል። በተመሳሳይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት የቀደሙ ዕትሞች «ጄስቶር» በተባለው ቋት ይገኛሉ። ይህ ቋት በመደበኛው በክፍያ የሚሠራ ቢሆንም ማንኛውም ግለሰብ በኢሜይል ተመዝግቦ በ30 ቀን ውስጥ እስከ 100 ጽሑፎችን በነጻ ማንበብ እንዲችል ፈቅዷል። ለአንድ መምህር መቶ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው።

ሌሎቹንም በአጭሩ እንጥቀስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶች ማከማቻ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ስለ ደሴ የመሬት መንሸራተት፣ ስለ ቦርከና ወንዝ ብክለት፣ ስለ ወሎ መንዙማ ለሚጠይቅ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» በርካታ የኢትዮጵያ መጽሔቶችን ይዟል። በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የክፍት መጽሔቶች ማውጫ ደግሞ ያለ ክፍያ የሚነበቡትን ብቻ ይዘረዝራል። በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ያለው የኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር መረብ፣ በተለምዶ «ኢተርኔት» የሚባለው፣ ብሔራዊ አካዳሚክ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍትና ብሔራዊ የጥናቶች ማከማቻ ዘርግቷል። በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ የጸደቀው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች በዚህ ማከማቻ እንዲቀመጡና ለሕዝብ እንዲከፈቱ ያዝዛል። ግብር ከፋዩ የከፈለበትን ጥናት ግብር ከፋዩ ያንብበው የሚል ቀላል ሐሳብ ነው።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ዓይነት ቋት አለ፤ ይህን አለመለየት ለስሕተት ይዳርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 «ሂናሪ»ን፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2003 «አጎራ»ን ጀምረዋል። በእነዚህ መርሐ ግብሮች አሳታሚዎች በውድ ዋጋ የሚሸጧቸውን የጤናና የግብርና መጽሔቶች ኢትዮጵያን ለመሰሉ ሀገሮች በነጻ ይከፍታሉ። ነገር ግን የሚመዘገበው ተቋም እንጂ ግለሰብ አይደለም፤ የይለፍ ቃሉም ከተቋሙ ውጭ ላለ ሰው አይሰጥም። ስለዚህ አንድ መምህር ከዩኒቨርሲቲ ወዳጃቸው የይለፍ ቃል ተውሰው ለክፍሉ ቢያከፋፍሉ፣ ቅን ሐሳብ ቢሆንም፣ ተቋሙን ያህል ሰው ከአገልግሎቱ ሊያሳግድ የሚችል ጥፋት ነው። ትክክለኛው መንገድ በሕጉ የሚፈቀድለት ተቋም በስሙ እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። ከሚፈቀድላቸው መካከል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የግብርና ኤክስቴንሽን ማዕከላት ይገኙበታል።

ይህ ሁሉ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያመጣናል። በሌሎች ሀገሮች ትምህርት ቤቶች ለእያንዳንዱ ቋት ለየብቻ አይከፍሉም። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 «ጋሊልዮ» የተባለ አሠራር ተዘርግቶ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች በአንድ ውል ይጠቀማሉ። ቅርባችን ያለችው ግብፅ ደግሞ በ2008 ዓ.ም የግብፅ የዕውቀት ባንክን ከፍታ ለተማሪውም ለመምህሩም ለተራው ነዋሪም በመንግሥት ወጪ አድርጋዋለች። በእኛ ሀገር ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ በአዲስ አበባ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ተከፍቷል። ከመዲናዋ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምንርቀው ግን የሚያስፈልገን ሕንፃ ብቻ አይደለም። አብርሆት ውስጥ የተቀመጠ ወንበር ለደሴ ልጅ አይደርሰውም፤ አንድ ብሔራዊ ውል ግን ሊደርሰው ይችላል።

አብርሆት በተከፈተበት ዓመት ደሴና ኮምቦልቻ ምን ላይ እንደነበሩ የአካባቢው ነዋሪ አይረሳውም። በ2014 ዓ.ም ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በቆዩባቸው ሳምንታት ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የትምህርት ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። ኮምፒውተር የነበረበት ክፍል ባዶ ሆኖ የተገኘባቸው ግቢዎች ጥቂት አልነበሩም። ከዚያም በ2015 ዓ.ም መጨረሻና በ2016 ዓ.ም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየባቸው ወራት መጡ። በዚያው ዘመን የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3 ነጥብ 3፣ በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የመረጃ ቋት ይህን ጉድለት በአንድ ጊዜ ይሞላል ብሎ ማሰብ ቋት የማይሞላ ሐሳብ ነው። መማሪያ መጽሐፍ ለሦስት በሚዳረስበት ክፍል ቅድሚያው ሌላ ነው የሚሉ መምህራንም ምክንያት አላቸው።

ሆኖም ሥራው የሚጠይቀው ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ሠላሳ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ኢንተርኔት ያለው አንድ ማሽንና ፍለጋ የሠለጠነ አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይበቃሉ። መምህራን በሳምንቱ መጀመሪያ የሚፈልጉትን ርዕስ በወረቀት ጽፈው ይተዋሉ። ባለሙያው ክፍት የሆኑትን ጽሑፎች አውርዶ በፍላሽ ይሰጣቸዋል፤ በትምህርት ዓይነት ለይቶም በኮምፒውተሩ ያስቀምጣል። መስመሩ በሚቋረጥበት ቀን የተጠራቀመው አይጠፋም። «ኪዊክስ» የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር የጫነ ትምህርት ቤት ደግሞ ዊኪፒዲያን ሙሉ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይችላል። ዊኪፒዲያ የምርምር ቋት አይደለም፤ ግን ከግርጌው የሚዘረዝራቸው ዋቢዎች ወደ ቋቱ የሚያደርሱ ጥርጊያ መንገዶች ናቸው።

አንድ ጽሑፍ ለክፍል ሲመረጥም ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አይጠበቅም። አጽሕሮተ ጥናቱ፣ የጥናቱ ቦታ የተገለጸበት ክፍልና መደምደሚያው ተባዝተው ቢሰጡ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃሉ። የቋንቋው ችግር ወደ ጥቅም የሚለወጥበት መንገድም አለ፦ የእንግሊዝኛ መምህሩና የሥነ ሕይወት መምህሯ ተባብረው ተማሪዎች አጽሕሮተ ጥናቱን በአማርኛ እንዲያስረዱ ቢያደርጉ አንዱ ሥራ ለሁለት ትምህርት ይሆናል። የአማርኛው ማብራሪያ በቤተ መጻሕፍቱ ቢቀመጥ ደግሞ ማንበብ የሚችል አርሶ አደር ገበያ ሲመጣ ያገኘዋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቶ ሳለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል ይኖራል። እነዚህ መሣሪያዎች አሳማኝ መልስ በሰከንድ ይሰጣሉ፤ የሌለ ጥናት ስም ፈጥረው የሚጠቅሱበት ጊዜም አለ። የተጠቀሰው ጽሑፍ በእውነት መኖሩን ተማሪው የሚያረጋግጠው ቋቱን ከፍቶ ነው። አንዳንድ መምህራን ከቤት ሥራው ጋር የጽሑፉን የመጀመሪያ ገጽ አያይዞ ማምጣትን ግዴታ ቢያደርጉ መገልበጥ በአንድ ጊዜ ይከብዳል።

የቀረው የተቋማት ትብብር ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ዩኒቨርሲቲዎችን ከማስተማርና ከምርምር በተጨማሪ ማኅበረሰብን እንዲያገለግሉ ያስገድዳል። በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለዚህ ሥራ በአካባቢው ያሉ ቅርብ ተቋማት ናቸው። በክረምት ለሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የሚሰጥ የጥቂት ቀናት የፍለጋ ሥልጠና ብዙ በጀት አይጠይቅም። ወላጆችም በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ያለው አንድ ኮምፒውተር በቤተ መጻሕፍቱ እንዳለው፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሆነና ተማሪዎች በየትኛው ሰዓት እንደሚገቡ መጠየቅ ይችላሉ።